ጅራቱን ቆላ ብለሽ አትቅረቢው

በጅዳ፣ በኒ ማሊክም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ የምትሠሪበት ቤት ውሻ ካለ ማብላቱም ማጠቡም አንቺ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አገር ቤት «ጅራቱን ከቆላ አይነክስም» ሲባል ሰምተሻል። እሱ ሁልጊዜ አይሠራም። ሰውነቱ ልል ሆኖ ወገቡም አብሮ ከተወዛወዘ ደስ ብሎታል። ጅራቱ ወደ ላይ ቆሞ፣ እንደ እንጨት ደርቆ ቶሎ ቶሎ ከተንቀጠቀጠ ግን ራቂው። በጅዳ ሙቀት ማለክለኩ የተለመደ ነው፤ ሲያለከልክ ቆይቶ ድንገት አፉን ገጥሞ ድርቅ ካለ ሊነክስ ይችላል። ከንፈሩን ደጋግሞ መላሱ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋቱ፣ የዓይኑ ነጭ መታየቱ «ተይኝ» ማለቱ ነው። አትሩጪ፣ አታፍጪበት፤ ጎንሽን ሰጥተሽ ቀስ ብለሽ ራቂ። እየበላ ሳህኑን አትንኪ። (ውሻ እፈራለሁ ማለትም ነውር የለውም፤ ቀድመሽ ንገሪያቸው።)

ከነከሰሽ፣ ማዳም ትቆጣለች ብለሽ እንዳትደብቂው። ጭረት ቢሆንም 15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና እጠቢው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ይከላከለዋል። «አልከልብ ዐደኒ» በያቸው፤ ውሻው ነከሰኝ ማለት ነው። እምቢ ካሉሽ የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937፣ አምቡላንስ 997 ነው።