ላላለቀ ጥርስ ሙሉ ሂሳብ

የጥርስ ሥር ሕክምና ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ አያልቅም። በመጀመሪያው ቀን ጥርሱ ተከፍቶ ነርቩ ይወጣና ለጊዜው ይደፈናል። ሕመሙም ጸጥ ይላል። ሕመሙ ከቆመለት በኋላ፣ ያውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቡና ለቀማው ወቅት፣ ለቀሪው ቀጠሮ ብሎ ከይርጋ ጨፌ ወይም ከኮቾሬ ዲላ ድረስ የሚመላለስ ስንቱ ነው?

ታካሚው የቡና ላኪ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ ገብቶለታል እንበል። ሙሉው ሕክምና 6,000 ብር፣ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ደግሞ 1,500 ብር ይሁን። ክሊኒኩ 6,000 ብር ሞልቶ ቢልክ ያልተሠራ 4,500 ብር ተከፈለ ማለት ነው።

"ገንዘቡ የኢንሹራንሱ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?" ያለ ታካሚ ተሳስቷል። ውሉ ዓመታዊ ጣሪያ ካለው 4,500 ብሩ የሚቀነሰው ከእርሱና ከቤተሰቡ ድርሻ ላይ ነው። ይባስ ብሎ ጊዜያዊው ድፍን ወልቆ ጥርሱ እንደገና ሲያመረቅዝ፣ በኢንሹራንሱ መዝገብ ላይ ያ ጥርስ ታክሞ ያለቀ ነው። ሁለተኛውን ሂሳብ አልከፍልም ቢሉት ምን ብሎ ይከራከራል?

ለሐኪሙም ፍርድ ይገባዋል። የሽፋን (ክራውን) ልክ ተወስዶ ላቦራቶሪ ከታዘዘ በኋላ ታካሚው ቢቀር ወጪው ወጥቷል። በአሜሪካም ቢሆን አንዳንዱ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ጥርሱ በተሞረደበት ቀን፣ ሌላው ሽፋኑ በተገጠመበት ቀን ነው። ጥርሱ የማይድን ሆኖ በመገኘቱ ለተቋረጠ የሥር ሕክምና ግን እዚያ ራሱን የቻለ የሂሳብ መለያ ቁጥር አለው። እኛም ዘንድ በውሉ ላይ ዋጋውን በየደረጃው መተመን ይቻላል። ያልተሠራውን "ተጠናቋል" ብሎ አውቆ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን ያስቀጣል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለውበት ሲባል የሚደረግ የጥርስ ተከላን አይሸፍንም። ለሚሸፍነው ሕክምና የተጋነነ ሂሳብ ቢመጣ ግን የሚጎድለው ጎረቤታሞች ያዋጡት ገንዘብ ነው።

ለታካሚው ዋናው ጥንቃቄ ባዶ ቅጽ ላይ አለመፈረም ነው። በየቀጠሮው የተሠራው ሥራ፣ የጥርሱ ቁጥርና ቀኑ ተጽፎ ካየ በኋላ ይፈርም፤ ቅጂውንም ይያዝ። መመለስ ካልቻለ ለክሊኒኩ ይንገር፤ ሂሳቡ በተሠራው ልክ ይዘጋል፣ ቀሪውም ለቀማው ካለፈ በኋላ በአዲስ ቅጽ ይቀጥላል።