በሆዱ ጭረት የሚለየው የባሕር ወፍ

ከኦክላንድ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሃውራኪ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ የተፈጨ ዓሣና የዓሣ ዘይት ውሃው ላይ ሲበተን ትናንሽ ወፎች ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ስቶርም ፔትረል ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ የኒውዚላንድ ስቶርም ፔትረል፣ ለረጅም ዘመን ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ ማስረጃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተይዘው በፓሪስና በእንግሊዝ ሙዚየሞች የተቀመጡ ሦስት ደረቅ ወፎች ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ጀልባው እየተናወጠ፣ 35 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ወፍ ከዘመዶቿ እንዴት መለየት ይቻላል? በአካባቢው የሚበዛው ፊተ ነጩ ፔትረል አያስቸግርም፤ ጀርባው ግራጫ ነው፣ በረጃጅም እግሮቹም ውሃውን እየረገጠ ይነጥራል። የሚያስቸግሩት ጀርባቸው ጥቁር፣ ከጅራታቸው በላይ ያለው ነጭ የሆኑት ናቸው። ሆደ ጥቁሩ ፔትረል ገዘፍ ያለ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ይበራል። የኒውዚላንዱ አነስ ያለና ፈጣን ነው። ነፋሱ ሲበረታ ግን ሁሉም አበራረር ይለውጣሉ፤ ስለዚህ በእኔ አስተያየት አበራረር ጥርጣሬን ያጭራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ፍርዱ ያለው ሆዱ ላይ ነው። ሌላው የሚያስቸግር ዘመድ፣ የዊልሰን ፔትረል፣ ሆዱ ጠቆር ያለ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳም ቢጫ ነው። ሆደ ጥቁሩ በነጭ ሆዱ መሐል ሰፊ ጥቁር መስመር አለው። የኒውዚላንዱ ሆድ ነጭ ሆኖ ቀጫጭን ጥቁር ጭረቶች ተበትነውበታል። ችግሩ ጭረቱ ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው መለያየቱና ከራቀ አለመታየቱ ነው። ባለሙያ ዓይን ይወደሳል፤ እዚህ ግን ምስጋናው ለካሜራው ይገባል።

በጥር 2003 እ.ኤ.አ. አንድ ቡድን እንዲህ ያለ ወፍ ፎቶ አነሳ፤ ምናልባት እሱ ይሆናል ተባለ፣ ክርክሩ ግን አልተቋጨም። በዚያው ዓመት በኅዳር ቦብ ፍለድና ብራያን ቶማስ በርካታ ወፎች አይተው ፎቶ አነሱ፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ከሰመ። በ2011 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ወፉ ቀድሞ ከዊልሰን ጋር ቢመደብም ለሆደ ጥቁሩ እንደሚቀርብ አሳየ።

ጎጆው የት እንደሆነ የታወቀው በ2013 ነው። ባሕር ላይ በተያዙ ወፎች ላይ ትናንሽ የሬዲዮ ማሰራጫዎች ተለጥፈው ሲከተሏቸው ወደ ሊትል ባሪየር ደሴት አመሩ። ደሴቲቱ በ1980 ከድመት፣ በ2004 ከአይጥ ጸድታለች፤ ወፉ ከዚያ በፊት ሁለቱንም ችሎ መቆየቱ ይገርማል። ያለ ፈቃድ ደሴቲቱ ላይ መውረድ ስለማይቻል ወፉን ማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬም ጀልባ ተከራይቶ ባሕር ይወጣል።