በሃምሳ ዶላሩ ላይ ያለችው መርከብ

የካናዳን 50 ዶላር ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩት አንዲት መርከብ አለች። ስሟ አሙንድሰን ነው፤ በረዶ እየሰበረች የምትሄድ የምርምር መርከብ ናት። ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ለተቀመጠችው ለካናዳዊቷ ከተማ ለካልጋሪ ውቅያኖስ ሩቅ ነው። ሆኖም የሰሜን አሜሪካ አርክቲክ ተቋም ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መቀመጫው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎችም በአሙንድሰን ተሳፍረው ይሠራሉ።

98 ሜትር የምትረዝመው መርከብ በ1979 ሥራ ስትጀምር በሌላ ስም ትጠራ ነበር። ለሳይንስ የታደሰችው በ2003 ነው። ከተጨመሩላት ነገሮች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ሆዷ ላይ የተከፈተላት ቀዳዳ ነው።

የባሕር ተመራማሪ ዋና መሣሪያ በክብ የብረት ማቀፊያ ዙሪያ የተደረደሩ ረጃጅም ጠርሙሶች ናቸው። ጠርሙሶቹ ከላይም ከታችም እንደተከፈቱ በብረት ገመድ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፤ አብሯቸው ያለው መለኪያ የውኃውን ሙቀትና ጨው ይመዘግባል። ሲመለሱ በተመረጠው ጥልቀት ላይ አንድ በአንድ እየተዘጉ ውኃ ይዘው ይወጣሉ። ባሕሩ ጸጥ ካለ ችግር የለም። ማዕበል ሲነሣ ግን መርከቧ ዝቅ ስትል ገመዱ ይላላል፣ ከፍ ስትል በድንገት ይወጠራል። ያን ጊዜ ከተበጠሰ መሣሪያው እዚያው ባሕር ውስጥ ይቀራል። በጎን በኩል ሲወጣም እየተወዛወዘ ከመርከቧ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ነፋሱ ሲበረታ ሥራ ይቆማል። በረዶ መርከቧን ሲከባት ግን ያ የሆዷ ቀዳዳ ለተመራማሪዎቹ ይደርስላቸዋል፤ መሣሪያቸውን ከመርከቧ ውስጥ ሆነው ያወርዳሉ።

አደጋው ግን አይቀርም። በሴፕቴምበር 2013 የበረዶውን ሁኔታ ለመቃኘት የወጣው የመርከቧ ሄሊኮፕተር ባሕር ላይ ወድቆ ካፒቴኑ፣ አብራሪውና አንድ ሳይንቲስት ሕይወታቸው አልፏል።

በ2017 ካልጋሪን ጨምሮ ከአምስት ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች የአየር ንብረት ለውጥን ለማጥናት በአሙንድሰን ወደ ሃድሰን ቤይ ተነሡ። ኒውፋውንድላንድ አጠገብ ሲደርሱ ከሩቅ ሰሜን ተገፍቶ የመጣ ወፍራም በረዶ መንገዱን ዘግቶ፣ የዓሣ አስጋሪዎችን ጀልባዎች ይዞ ነበር። መርከቧ የካናዳ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ንብረት ስለሆነች ሰው ማዳን ይቀድማል፤ ጉዞው ተሰረዘ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሳይንቲስቶቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፦ የዘጋቸውን በረዶ ራሱን መርምረው ብዙ ክረምት ያሳለፈ የአርክቲክ በረዶ መሆኑን አረጋገጡ። ወደ ሃድሰን ቤይ የገቡት በተከታዩ ዓመት ነው።