ለኮምፒዩተር መናገር፦ የእንግሊዝኛ ፈተናን በጥቂት ጊዜና በጥቂት ወጪ



በዕረፍት ቀናችሁ ባጥሐ ብቅ ስትሉ ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ «ትምህርቴን ልቀጥል ብል እንግሊዝኛ ተፈተኚ ይሉኛል፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም ኮምፒዩተር ስለሚያርማቸው ፈተናዎች እንጽፍላችኋለን። በእነዚህ ፈተናዎች ጥሩ ነጥብ የሚያስገኘው ብዙ መጽሐፍ መግዛት ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ድምፅን አውጥቶ መለማመድ ነው።

የትኛው ፈተና ለየትኛው በር?

ፒ.ቲ.ኢ. የሚባለውን ፈተና ፒርሰን የተባለው ድርጅት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የሚሰጠው በፈተና ጣቢያ ሲሆን 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነጥቡም ከ10 እስከ 90 ነው። አብዛኛውን የሚያርመው ኮምፒዩተር ነው። የዱኦሊንጎ ፈተና ደግሞ ካሜራና ማይክሮፎን ባለው ኮምፒዩተር ቤት ተቀምጦ በ1 ሰዓት ያህል የሚያልቅ ነው፤ ነጥቡ ከ10 እስከ 160 ይደርሳል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2025 70 ዶላር ነበር፤ ፒ.ቲ.ኢ. ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የሁለቱም ውጤት ለ2 ዓመት ያገለግላል።

ሆኖም ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። ዱኦሊንጎን ብዙ የአሜሪካና የካናዳ ኮሌጆች ይቀበሉታል፤ ለካናዳ የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻ ግን አይሆንም። ለዚያ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ፒ.ቲ.ኢ. ኮር የተባለውን ትቀበላለች። እንግዲህ የምትፈልጉት ኮሌጅ ወይም መሥሪያ ቤት የትኛውን ፈተናና ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ ከራሱ አጣሩ። የደላላ ቃል አይበቃም።

ኮምፒዩተሩ ምን ያዳምጣል?

አስተማሪ ፊታችሁን አይቶ «ገብቶኛል፣ ቀጥዪ» ሊል ይችላል። ኮምፒዩተር ግን የሚመዝነው የሰማውን ብቻ ነው፤ ቃሉ ግልጽ ነው ወይ? ንግግሩ ሳይቆራረጥ ይፈሳል ወይ? የተባለው ሁሉ ተብሏል ወይ? በፒ.ቲ.ኢ. የንግግር ጥያቄዎች ከ3 ሰከንድ በላይ ዝም ካላችሁ ቀረጻው ይቆማል። ስለዚህ ስትሳሳቱ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ወደ ፊት ቀጥሉ።

እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያስቸግሩን ድምፆች የታወቁ ናቸው። «ስኩል» ለማለት «እስኩል» እንላለን። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረውም ድምፅ ይከብደናል። ነገር ግን ሪያድ የኖረች እህት ይህን ድምፅ በየቀኑ ትሰማዋለች። የአገሩ ሰዎች በዓረብኛ ሦስት ብለው ሲቆጥሩ የሚያወጡት ድምፅ በእንግሊዝኛው «ስሪ» (ሦስት) መነሻ ላይ ያለው ነው። «ሀዛ» (ይህ) ሲሉ የምትሰሙት ደግሞ የእንግሊዝኛው «ዚስ» (ይህ) መነሻ ነው። በ«ፕ» ላይ ግን የዓረብኛውን ልማድ ተዉት፤ ዓረብኛ «ቡሊስ» ይላል፣ እኛ ግን «ፖሊስ» ማለት እንችላለን።

የጽሑፉ ችግር ሌላ ነው። የእኛ ፊደል እንደሚነበበው ይጻፋል፤ እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። «ራይት» ስንል መጻፍም ትክክልም ማለት ነው፤ ድምፁ አንድ ሲሆን አጻጻፉ ግን ሁለት ነው። በጆሮ ብቻ የተማረችው እህት ነጥብ የምታጣው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜ ለሌላት የሚሆን ልምምድ

በቀን 30 ደቂቃ ለሦስት ወር ያህል ብትይዙ መልካም ነው። በአንድ ጊዜ ካልተገኘ በሦስት ክፈሉት።

10 ደቂቃ፦ አጭር ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልካችሁ ቅዱት፤ ከዚያ ራሳችሁን አዳምጡ።

10 ደቂቃ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሰምታችሁ ድገሙት፤ ቀጥሎም ጻፉት። በፒ.ቲ.ኢ. ሰምቶ መድገምና ሰምቶ መጻፍ ራሳቸውን የቻሉ ጥያቄዎች ናቸው።

10 ደቂቃ፦ የስልካችሁን የመጻፊያ ሰሌዳ እንግሊዝኛ አድርጋችሁ የማይክሮፎኗን ምልክት በመጫን ተናገሩ። ስልኩ ያላችሁትን በትክክል ከጻፈ ድምፃችሁ ለማሽን ግልጽ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ቃል ከጻፈ ያንን ቃል በደብተር መዝግቡ። ይህ ምንም አያስከፍልም።

ልብስ ስትተኩሱ ወይም ሽንኩርት ስትከትፉ የሰማችሁትን መድገም ይቻላል። ከፊሊፒንና ከኬንያ እህቶች ጋር ስትገናኙም በዓረብኛ ፋንታ በእንግሊዝኛ አውሩ። በዕረፍት ቀናችሁ ደግሞ አንድ ሙሉ የሙከራ ፈተና ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ ዱኦሊንጎ በድረ ገጹ ላይ ነጻ የሙከራ ፈተና አለው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ፓስፖርት ከሌለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ ያለና ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል፤ በሳምንትም የ24 ሰዓት ዕረፍት ይፈቅዳል። ይህን ዐውቃችሁ በትሕትና ጠይቁ።

ስትመዘገቡ ስማችሁን በፓስፖርቱ እንዳለው፣ ፊደል ሳይቀር ጻፉ። ከአገር ስትወጡ ደላላ ስማችሁን ወይም ዕድሜአችሁን ለውጦ ከሆነ ፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃችሁ አይስማሙም። ይህን ከፈተናው በፊት በኤምባሲ በኩል ጠይቁ።

ዱኦሊንጎን የምትፈተኑ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን መሆን አለባችሁ፤ የጆሮ ማዳመጫም አይፈቀድም። ሕፃን ድንገት የሚገባበት ቤት ለዚህ አይሆንም። በዕረፍት ቀን የታመነች ጓደኛ ክፍል ይሻላል።

«ገንዘብ ስጪኝ፣ እኔ አስፈትንልሻለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ራቁት። በፒ.ቲ.ኢ. ጣቢያ ፎቶና የመዳፍ ምስል ይወሰዳል፤ በዱኦሊንጎ ካሜራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀርጻል። ሲታወቅ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ለእናት ሊላክ የነበረው ገንዘብም ደላላው ኪስ ይቀራል።

በመጨረሻም የምንመክራችሁ ይህን ነው፤ በሙከራ ፈተና የሚፈለገውን ነጥብ ሁለት ጊዜ ሳታገኙ አትክፈሉ። ዓረብኛን ያለ ደብተርና ያለ አስተማሪ፣ ሥራ ላይ ሆናችሁ በጆሮ ተምራችሁታል። ይህንንም ትችሉታላችሁ።

በርቱ፤ ሰላም ሁኑ።