በሸክላ ሳይሆን በመድረክ ያደረ ጊታሪስት

የብሉዝ ሙዚቀኛ እንጀራው የሸክላ ሽያጭ ይመስለናል። አሜሪካዊው ጊታሪስት፣ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ባዲ ጋይ ግን አብዛኛውን ዘመኑን የኖረው በየምሽቱ መድረክ ላይ በመውጣት ነው።

ጋይ እ.ኤ.አ. በ1936 በሉዊዚያና ግዛት፣ ሌትስዎርዝ በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቦቹ ከባለመሬት ጋር ምርት ተካፍለው የሚያርሱ ጭሰኞች ስለነበሩ እሱም በልጅነቱ ጥጥ ለቅሟል። ሙዚቃን የጀመረው ራሱ በሠራት ባለ ሁለት ክር መሣሪያ ነው። ካደገ በኋላ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሮ እየሠራ፣ ማታ ማታ በባተን ሩዥ ከተማ ከባንዶች ጋር ይጫወት ነበር። በ1957፣ በ21 ዓመቱ፣ ቺካጎ ገባ።

በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የደቡቡን እርሻ ትተው ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች ይፈልሱ ነበር፤ ብሉዝም አብሯቸው ተሰደደ። በገጠር በእንጨት ጊታር የሚዜመው ሙዚቃ በቺካጎ መጠጥ ቤቶች ጫጫታ ስለሚዋጥ፣ ጊታሩ በኤሌክትሪክ ከማጉያ ጋር ተገናኘ። የዘፈኑ አሠራር ግን አልተለወጠም፤ አንድ ስንኝ ይባላል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ስንኝ ይቋጨዋል። በየስንኙ መካከል ባለው ክፍተት ጊታሩ ይመልሳል። ጋይ በዚህ ምላሽ ላይ ክሩን በጣቱ ገፍቶ እያጎበጠ ድምፁን ያስጮኸዋል። በረጅም ገመድ እየተጫወተ ከመድረክ ወርዶ በተመልካቹ መካከል ያልፍ ነበር፤ አንዳንዴም ከክለቡ በር ወጥቶ መንገድ ላይ ይጫወት ነበር።

የቼስ ሸክላ አሳታሚ ኃላፊዎች ይህን አጨዋወት እንደ ጩኸት ነበር የቆጠሩት። ከ1960 ጀምሮ ለመዲ ዋተርስና ለሌሎች የብሉዝ ታላላቆች አጃቢ አድርገው ሲያሠሩት፣ በራሱ ስም ሙሉ አልበም ያወጡለት በ1967 ነው። በ1965 ከሃርሞኒካ ተጫዋቹ ጁኒየር ዌልስ ጋር «ሁዱ ማን ብሉዝ» የተባለውን አልበም ለሌላ አሳታሚ ሲቀዳ በቼስ ውል የታሰረ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሽፋን ላይ የሰፈረው ሐሰተኛ ስም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ቀን ቀን ብልሽት የገጠማቸውን መኪኖች በመጎተት ይሠራ ነበር።

ጋይ መድረክ የሚሰጠውን ሰው ብቻ እየጠበቀ አልኖረም። በ1972 በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ቼከርቦርድ ላውንጅ የተባለ ክለብ ከፈተ፤ በ1989 ደግሞ ሌጀንድስ የተባለውን ክለብ መሠረተ። በ1980ዎቹ አብዛኛው ጊዜ በአገሩ የሸክላ ውል ባይኖረውም መጫወቱን አላቋረጠም። ኤሪክ ክላፕተንና ሌሎች የሮክ ጊታሪስቶች መምህራችን እያሉ ስሙን ያነሱ ነበርና፣ በ1991 «ዳም ራይት፣ አይቭ ጎት ዘ ብሉዝ» የተባለው አልበሙ ሲወጣ ብዙ አድማጭ ጠበቀው። አልበሙ የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት ሲያስገኝለት ዕድሜው 55 ነበር። በ2005 ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ገባ፣ በ2012 የኬኔዲ ማዕከልን የክብር ሽልማት ተቀበለ።

አንድ ሙዚቀኛ 55 ዓመት እስኪሞላው ዝናን መጠበቅ የሚችለው ሥራው በየምሽቱ የሚያኖረው ከሆነ ነው። ብሉዝን መስማት መጀመር የምትሹ አንባቢያን የ1965ቱን «ሁዱ ማን ብሉዝ» አስቀድሙ፤ ቀጥሎም የ1991ዱን አልበም ስሙ። በመጀመሪያው ጋይ ቆጥቦ ያጅባል፤ በሁለተኛው ያለ ከልካይ ይጮኻል።