ካሜራ በሕፃናት እጅ
ስለ ትምህርትና ስለ አሳብ መግለጫ

በአዴት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው የጐጃም ገጠር ሕፃን አብዛኛውን ነገር የሚማረው በማየት ነው። ወንዱ ልጅ ጥጃ ከመጠበቅ ወደ ከብት እረኝነት፣ ከእረኝነትም እርፍ ወደ መጨበጥ ያድጋል፤ ሴቲቱም ልጅ ውሃ በመቅዳትና ታናሾቿን በማዘል የእናቷን ሥራ ትለምዳለች። ታላላቆች በተቀመጡበት ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ይላላካል፣ ቆሞ ያዳምጣል እንጂ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ይህም የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ መምህሩ «ያየኸውን ንገረኝ» ቢለው ዝም ማለቱ ካለማወቅ ሳይሆን ከአስተዳደግ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዲጂታል ካሜራ ለሕፃናት ትምህርትና ንግግር ይረዳል የሚለው አሳብም መመዘን ያለበት ከዚህ ልማድ ጋር ተያይዞ ነው።

አሳቡ በሌላ አገር የቈየ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በ1966 ሶል ዎርዝና ጆን አዴር የተባሉ ሊቃውንት በአሪዞና ለሚኖሩ የናቫሆ ተወላጆች የሲኒማ ማንሻ ሰጥተው አጠቃቀሙን አስተማሯቸው። በተሠሩት ፊልሞች ውስጥ የሰው ፊት በቅርብ ሲታይ ጥቂት፣ ሰው ሲራመድ ግን እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህም የተነሣ ሰው ካሜራ ሲይዝ የወገኑን ልማድ ይዞ እንደሚመለከት አስረዱ። በ1970ዎቹ ደግሞ ዌንዲ ኢዋልድ በኬንታኪ ተራራማ አገር የገጠር ልጆች ኑሯቸውንና ሕልማቸውን በፎቶግራፍ እንዲገልጹ አስተማረች፤ ሥራቸውም በ1985 በመጽሐፍ ወጣ።

በኢትዮጵያም ሁለት ምሳሌዎች አሉ። አንደኛው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ኤሪክ ጎተስማን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ወላጆቻቸውን በኤድስ ካጡ ልጆች ጋር ለዓመታት የሠራው ሥራ ነው። ልጆቹ በቃል ለመናገር የሚከብደውን ኀዘን በሥዕል ገለጹ፤ ስብስቡም በ2014 ታተመ። ሁለተኛው በ2012 የተሰማው የወንጪና የወለንጪቲ ነገር ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የተባለው ድርጅት መምህር ለሌላቸው ሕፃናት በፀሐይ ኀይል የሚሞላ ታብሌት ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፣ የመሣሪያው ካሜራ እንዳይሠራ ተዘግቶ ሳለ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት። ወሬው የመጣው ከባለቤቶቹ ስለ ሆነ በጥንቃቄ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን አዋቂዎች የዘጉትን ካሜራ ልጆቹ መፈለጋቸው ሊታሰብበት ይገባል።

ዲጂታል ካሜራ ከቀድሞው የሚለይበት ዋና ነገር ሥዕሉ ወዲያው መታየቱ ነው። ፊልም ወደ ከተማ ተልኮ እስኪታጠብ ድረስ የልጁ አሳብ ይቀዘቅዝ ነበር፤ አሁን ግን ባነሣበት ሥፍራ ያየዋል፣ ያልወደደውን ይደመስሳል፣ እንደ ገናም ያነሣል። በዚህም መምረጥንና ምክንያት መስጠትን ይማራል። መናገር ለማይችል ልጅም ጥቅሙ የበለጠ ነው። ከውጭ በመጣ የሥዕል ካርድ ላይ ያለውን የማያውቀውን ቤትና ዕቃ ከማሳየት ይልቅ፣ የገዛ ቤቱን እንስራ፣ መደቡንና እናቱን በፎቶግራፍ አንሥቶ ቢሰጡት በጣቱ እያመለከተ ፍላጎቱን ሊያስታውቅ ይችላል።

የጐጃም ልጅ ታላላቆቹን መጠየቅ የሚፈቀድለት ጊዜ ቀድሞውንም አለ። ማታ በእሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲል አዋቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ የጠፋበትም ታላቅ ቢሆን አገር ይሰጣል። ልጅ ያነሣው ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ለምን ያችን ዛፍ፣ ለምን ያን የተዘጋ በር እንዳነሣ የሚያውቀው ልጁ ብቻ ስለ ሆነ፣ አዋቂው ጠያቂ፣ ልጁ አስረጂ ይሆናል። የጨዋነት ሥርዓትም አይፈርስም፤ ልጁ የሚናገረው ተጠይቆ ነውና።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። ሕፃን ወይም የሰባ ከብት በሰው ዓይን መታየቱን የሚፈሩ ቤተ ሰቦች ስላሉ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ይገባል። የቤት ገመናም በልጅ ሥዕል ወደ አደባባይ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ መምህሩ ወይም ተመራማሪው ሥዕሉን ወስዶ ትርጓሜውን ራሱ ከሰጠ፣ ልጁ እንደ ቀድሞው ቆሞ አዳማጭ ይሆናል፤ ካሜራውም ለልጁ ሳይሆን ለአዋቂው አፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ያነሣው ልጅ፣ የታተመውም ቅጂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ለልጁና ለቤተ ሰቡ ሊሆን ይገባል።