እፉኝት ለምን አይሸሽም?

ከሐይቅ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወረባቦ ወረዳ ውስጥ፣ ቢስቲማ አለች። ከእሷ ወዲያ መሬቱ ወደ ሚሌ ወንዝና ወደ አፋር ቆላ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ የማሽላ ማሳ የሞላበት እንዲህ ያለ አገር ለእፉኝት ይስማማዋል።

እፉኝት የሚለው ስም ከአንድ በላይ መርዛማ እባቦችን ያጠቃልላል። እዚህ የማወራው በሳይንስ ስሙ ቢቲስ አሪየታንስ ስለሚባለው፣ አጭርና ወፍራም ስለሆነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጠው ነው። ልጆቹ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ይባላል። ወሬው ጥንታዊ ነው፤ ከግሪክ ወደ ግዕዝ በተተረጎመው፣ ፊሳልጎስ በተባለው መጽሐፍም ሰፍሯል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው እናቲቱ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ በሕይወት ይወለዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ይሆናሉ። እናቲቱ ምንም አትሆንም። ከኬንያ የተወሰደች አንዲት እፉኝት በቼክ አገር መካነ እንስሳት በአንድ ጊዜ 156 ልጆች መውለዷ ተመዝግቧል።

ሰውን የሚጎዳው ሌላ ጠባዩ ነው፤ እፉኝት የሰው ኮቴ ሲሰማ አይሸሽም። አድፍጦ የሚያድን እንስሳ በመሆኑ ከአፈሩና ከደረቁ ቅጠል ጋር ተመሳስሎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። በደቡብ አፍሪካ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የበለጠ ያስገርማል። የሠለጠኑ ውሾች እፉኝቱ አውልቆ የጣለውን ቆዳ በጠረኑ ሲለዩ፣ ሕያው እፉኝቱን ግን ማሽተት አልቻሉም። ከዓይንም ከአፍንጫም የተሰወረ ፍጥረት ምን አስሮጠው? በጣም ሲቀርቡት ብቻ ሰውነቱን በአየር ነፍቶ በኃይል ይተነፍሳል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ባለበት ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ወደኋላ ይመለስ።

አዝመራ ሲደርስ አይጥ እህሉን ፍለጋ ይመጣል፤ እፉኝት አይጡን ይከተላል። አጫጁም ጎንበስ ብሎ ነዶውን በባዶ እጁ ያቅፋል። ንክሻው እጅና እግር ላይ የሚበረክተው ለዚህ ነው።

ረጃጅም ጥርሶቹ እንደ ሰንጢ ታጥፈው ላንቃው ላይ ይተኛሉ፤ ሲነድፍ ይዘረጋሉ። በእነሱ ቧንቧ የሚገባው መርዝ ሥጋንና የደም ሥርን ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች አሉበት። የተነከሰው እግር ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከባድ ሲሆን ሥጋው ይሞታል። እንግዲህ ከንክሻው በላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይህን ሁሉ መርዝ አንድ ቦታ አምቆ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ የደም ዝውውሩንም ይቆርጣል። በምላጭ መብጣት ደግሞ በመርዙ የተነሳ መርጋት ያቃተውን ደም ይባስ ያፈስሰዋል። መምጠጥም መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም ጊዜ ከማጥፋት በቀር ፋይዳ የላቸውም። ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ሰውየውን ሳያስኬዱ ተሸክሞ ወይም በመኪና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው የሚበጀው።

እዚያ ሲደርስ ቀላል ምርመራ አለ። ጥቂት ደም በንጹሕ የመስታወት ብልቃጥ ይቀዳና 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ብልቃጡ ሲዘነበል ደሙ አሁንም ፈሳሽ ከሆነ መርዙ የደሙን የመርጋት አቅም አጥፍቶታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው ፀረ መርዝ ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን መርዝ ያከሽፋል፣ የሞተ ሥጋን ግን አይመልስም።

ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአፍሪካ እባቦች ያመርተው የነበረው ፋቭ አፍሪክ ምርቱ ተቋርጦ፣ የመጨረሻው ክምችት በ2016 እ.ኤ.አ. ጊዜው አለፈበት። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንክሻ እንደሚሞት የሚገምተው የዓለም ጤና ድርጅት፣ ንክሻውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በእኔ እምነት ይህ በጣም ዘግይቷል፤ ተነካሾቹ ድሆች ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ባይሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልቆየ ነበር። በአማራ ክልል ምዕራብ ጫፍ፣ አብዱራፊ ላይ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ የሚመጡ ሠራተኞችን ከካላዛር በሽታ ጋር የእባብ ንክሻም ሲያክሙ ቆይተዋል። ከቢስቲማ በታች ባለው ቆላ ነዶ የሚያቅፈው አጫጅም ፀረ መርዝ በአቅራቢያው ሊገኝለት ይገባል።